የሞተ ባትሪ ባለቤቱ ማን ነው?

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም ያሰሙት ንግግር ነው። በስብሰባው ያልተገኙ አባሎች አንብበውት፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳባቸውን ይዘው እንዲመጡ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ስለ ዘበኞች ደመወዝና ስለ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ገንዘብ ያዣችን በሚገባ አስረድተዋል፤ እሱን አንደግመውም። በእኛ በኩል የምናቀርበው ሦስተኛውን አጀንዳ ነው። አጀንዳው ሲነበብ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። «ስለ ባትሪ ደግሞ ስብሰባ ይጠራል እንዴ?» ያላችሁም አላችሁ። ይጠራል። ለምን እንደሚጠራ ታግሣችሁ ስሙን።

ነገሩ ባንድ ጥያቄ ይጠቃለላል። ባትሪ ሲሸጥና ሲገዛ ባለቤት አለው። ደረሰኝ አለው፣ ዋጋ አለው፣ የሚከራከርለት ሰው አለው። ሲሞት ግን ባለቤቱ ማን ነው? የገዛው ሰው ነው? የሸጠው ነጋዴ ነው? ከውጭ ያስመጣው ነው? ወይስ የሠራው ፋብሪካ? ይህን መቁረጥ የሕግ ሥራ ነው። ሕግ ካልቆረጠው ወይም የቆረጠው ሕግ እደጃችን ካልደረሰ፣ የሞተው ባትሪ ባለቤት የመጨረሻው ሰው ይሆናል። የመጨረሻው ሰው ደግሞ ማዳበሪያ ተሸክሞ ቆሻሻ የሚለቅመው ልጅ ነው። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አንደኛ፤ የምንናገረው ስለ የትኛው ባትሪ ነው?

በየቤታችን ሦስት ዓይነት ባትሪ አለ። አንደኛው የሬዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነው፤ እሱን ስናውቀው ኖረናል። ሁለተኛው የመኪና ባትሪ ነው፤ ውስጡ እርሳስና አሲድ ያለበት፣ ከባዱ። ሦስተኛውና ዛሬ የምንነጋገርበት ሊቲየም የሚባለው ነው። ይህኛው ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን (እ.ኤ.አ. ስንል የፈረንጁን አቆጣጠር ማለታችን ነው)፣ መጀመሪያ የሸጠው ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነበር። ዛሬ በየኪሳችን ባለው ሞባይል፣ በፓወር ባንኩ፣ በላፕቶፑ፣ በልጆች መጫወቻ፣ መብራት ሲጠፋ በምናበራው በብዙው ቻርጅ መብራት፣ በኤሌክትሪክ ሳይክልና በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ከድንጋዩ በምን ይለያል ያላችሁ እንደሆነ፣ ድንጋዩ ሲያልቅ አለቀ ነው። ሊቲየሙን ግን «ሞተ» ብለን ስንጥለው እንኳ ውስጡ ጉልበት ይቀረዋል። በሆዱ ውስጥ ሁለት ስስ ንጣፎች ተጠቅልለው ይገኛሉ። እንዳይነካኩ በመካከላቸው እንደ ወረቀት የሳሳ ላስቲክ ገብቷል። ሁሉም ደግሞ በቀላሉ በሚነድ ፈሳሽ ርሷል። እንግዲህ ባትሪው በሚስማር ቢበሳ፣ በመዶሻ ቢመታ፣ የቆሻሻ መኪና ቢጨፈልቀው ወይም ከልክ በላይ ቢሞቅ ያ ስስ ላስቲክ ይቀደዳል፤ ሁለቱ ንጣፎች ይነካካሉ። ሙቀቱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል፤ አንዴ ከጀመረ በራሱ ይቀጥላል። ጭሱም እንደ እንጨት ጭስ አይደለም። ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ይገኝበታል። «ጠፋ» ብለው ከተለዩት በኋላም ከሰዓታት ቆይታ በኋላ እንደገና ሊነሣ ይችላል።

ያበጠ የሞባይል ባትሪ ያላየ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ማበጡ ውስጡ ጋዝ መፈጠሩን የሚያሳይ ምልክት ነው። ልጆች በጥርሳቸው ወይም በሚስማር ሊያስተነፍሱት ሲሞክሩ አይተናል። ይህ እሳት በእጅ መያዝ ነው።

ሁለተኛ፤ በሰፈራችን የሞተ ባትሪ ወዴት ይሄዳል?

ኮሚቴው ቤት ለቤት ባደረገው ጥየቃ የሞተ ባትሪ ሦስት መንገድ እንዳለው ተረድቷል።

የመጀመሪያው መንገድ መሳቢያ ነው። «አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል» እየተባለ ከሰነድ፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ይቀመጣል። ሳንቲሙና ቁልፉ የባትሪውን ሁለት አፍ ካገናኙት ያልሞተው ጉልበቱ ይነሣል።

ሁለተኛው መንገድ የቆሻሻው ማዳበሪያ ነው። ከሽንኩርት ልጣጭና ከአመድ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ገንዳ ይወርዳል፤ ከገንዳው በመኪና ተጨፍልቆ ይሄዳል። ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ገንዳ በዝናብ መካከል ሲጨስ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ቆሻሻ የሚያነሡልን እኅቶቻችን አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው አሸዋ ደፉበት። ሲበርድ ተፈልጎ የተገኘው የፈነዳ ፓወር ባንክ ነበር። የጣለው ማን እንደሆነ አልተጠየቀም፤ አይጠየቅምም፤ የትም ውሰደው ያለው ሰው አልነበረምና። እኛን የሚያስጨንቀን ግን እነዚያ እኅቶቻችን ጓንት እንኳ ያልነበራቸው መሆኑ ነው።

ቆሻሻው ከዚህ ከሄደ በኋላስ? በ2009 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ቆሼ ላይ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ማለቃቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያ አደጋ በባትሪ የመጣ አልነበረም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተምሮናል፤ እኛ «ጣልነው» የምንለው ነገር ሌሎች ሰዎች ከሚኖሩበትና እንጀራቸውን ከሚለቅሙበት ቦታ እንደሚያርፍ።

ሦስተኛው መንገድ ቆራሌው ነው። ቆራሌውንና ልዋጭ የሚያዞረውን ማንም እንዳይነቅፍ እንለምናለን። ብረቱና ፕላስቲኩ ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውለው በእነሱ ትከሻ ነው። ነገር ግን የላፕቶፕ ባትሪ ገዝቶ፣ ሽቦና ብረቱን ለመለየት በድንጋይ ሲፈረክሰው ማንም «ተው» ያለው የለም። አንዳንዱም ከውስጡ ያልሞቱትን ፍሬዎች መርጦ ለመብራት ጠጋኝ ይሸጣል፤ ጠጋኙ አዲስና አሮጌውን አንድ ላይ ይበይዳል፤ እኛም መልሰን እንገዛዋለን። ስለዚህ በኋላ በር ያወጣነው አደጋ በፊት በር ይመለሳል ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ለዚህ ሕግ ለምን ያስፈልጋል?

«ገበያው ራሱ አያነሣውም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከአባሎች ተነሥቶ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት የመኪናውን ባትሪና ሊቲየሙን ማወዳደር ይበቃል።

አሮጌ የመኪና ባትሪ ሜዳ ላይ ወድቆ አታገኙም። ለምን? ሚዛን ላይ ወጥቶ ብር ያወጣላ። እርሳሱ ብዙ ነው፤ ለማቅለጥም ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ሊቲየሙ ግን ሌላ ነው። በአንድ የሞባይል ባትሪ ውስጥ ያለው ሊቲየም አንድ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ባትሪውን ዋጋ ያለው የሚያደርጉት ኮባልትና ኒኬል የሚባሉት ማዕድኖች ናቸው። አሁን በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚገባው በብረትና በፎስፌት የተሠራ ዓይነት ደግሞ ኮባልትም ኒኬልም የለውም። ይህ ዓይነት ርካሽ ነው፤ ከሌላው ይልቅም ቶሎ አይነድም። ሲሞት ግን ከውስጡ የሚወጣው ነገር ብዙ ጊዜ የመሰብሰቢያውን፣ የማጓጓዣውንና የማጣሪያውን ወጪ አይመልስም። ማጣራቱም ፋብሪካ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ቀሪ ጉልበቱን ማውጣት፣ ቀጥሎ በጥንቃቄ መፍጨት፣ ከዚያ የሚገኘውን ጥቁር ዱቄት በከፍተኛ ሙቀት ወይም በአሲድ መለየት ነው። በጓሮ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ትርፍ ከሌለው የሚሰበስበው ሰው የለም። የሚሰበስበው ከሌለ ገንዳ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው ወጪውን መሸፈን አለበት፤ ማን ይሸፍን የሚለውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው። ሕግ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋ ያለው ባትሪስ ቢሆን ያለ ቁጥጥር ደኅና ነው ወይ? አይደለም። በሴኔጋል፣ በዳካር አጠገብ ቲያሮዬ ሱር ሜር በተባለች ሰፈር ሴቶች የመኪና ባትሪ እየሰበሩ፣ ከአፈሩም የእርሳስ ፍርፋሪ እየነፉ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት በእርሳስ መርዝ ሞቱ። በኬንያም በሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለ የድሆች ሰፈር እርሳስ ማቅለጫ ተተክሎ ነዋሪው ተመረዘ። ነዋሪዎቹ ግን ዝም አላሉም፤ ተሰባስበው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤት 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ፈረደላቸው፤ ጉዳዩ በይግባኝ ሲንከባለል ቆይቶ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለነዋሪዎቹ ፈረደ። የመንደር ሰው ተባብሮ እዚህ መድረሱ የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ ካሣው የልጆቹን ደም ከእርሳስ አላጠበውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው። እኛ የምንለው ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አራተኛ፤ ሌሎች አገሮች ምን ደነገጉ?

ሁለት ቦታዎችን ብቻ እንጥቀስ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ቁጥር 2023/1542 የሆነውን የባትሪ ደንብ አወጣ። ለጥያቄያችን የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ባትሪውን ለገበያ ያቀረበው አምራች ወይም አስመጪ ሲሞት መልሶ የመሰብሰብ ኃላፊነት አለበት፤ ከተጠቃሚው ላይም ለመቀበያ ገንዘብ አይጠይቅም። በኃላፊነት ብቻ አልተወውም፤ ልክ አበጀለት። ከሚሸጡት አነስተኛ ባትሪዎች እስከ 2027 መጨረሻ 63 ከመቶው፣ እስከ 2030 መጨረሻ 73 ከመቶው መሰብሰብ አለበት። ከሞተ ባትሪ ውስጥ ካለው ሊቲየም እስከ 2027 መጨረሻ 50 ከመቶው፣ እስከ 2031 መጨረሻ 80 ከመቶው መውጣት አለበት። ከ2031 ጀምሮ ደግሞ በአዲስ የመኪና ባትሪ ውስጥ ከሚገባው ሊቲየም ቢያንስ 6 ከመቶው፣ ከኮባልቱም 16 ከመቶው ከአሮጌ የተገኘ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ትልቅ ብልሃት ነው፤ አሮጌው እንዲፈለግ ገበያ ፈጠረለት። እንደ ሰው ፓስፖርት የሚቆጠር መታወቂያም ከየካቲት 2027 ጀምሮ ለመኪና ባትሪ ታዟል፤ ምን እንዳለበት፣ ማን እንደሠራው የሚነበብበት።

ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው መመሪያ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪን መልሶ የመሰብሰብ ኃላፊነት በመኪናው ፋብሪካ ላይ ጣለች። ባትሪው ቁጥር ተሰጥቶት ከፋብሪካ እስከ ማጣሪያ እንዲመዘገብ አዘዘች፤ ብቁ የሆኑ ማጣሪያዎችንም ስም ዝርዝር አወጣች። ነገር ግን እዚያም ችግር አልጠፋም። ፈቃድ የሌላቸው ትንንሽ ወርክሾፖች ለአደጋ መከላከያ ወጪ ስለማያወጡ ለአሮጌው ባትሪ የተሻለ ዋጋ ይሰጣሉ፤ ባትሪውም ወደነሱ ይሸሻል። ከዚህ የምንማረው ሕግ መውጣቱ ብቻ በቂ አለመሆኑን ነው። ባለ ፈቃዱ ለሰው ቅርብና ቀላል ካልሆነ ሰው ወደ ቀረበው ይሄዳል። የቻይናው ጉዳይ እኛንም ይነካል፤ ወደ አገራችን ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚያው ነውና።

አምስተኛ፤ የአገራችን ሕግስ ምን ይላል?

«እኛ አገር ሕግ የለም» የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው፤ ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሁሉም ሰው መብት መሆኑን ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. አገራችን አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር እንዳይዘዋወር የሚቆጣጠረውን የባዝል ስምምነት ተቀበለች። አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ የሚከለክለውን የባማኮ ስምምነትም በ1995 ዓ.ም. አጸደቀች። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ነው። ሁለተኛው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 ነው። የባዝል ስምምነትም ተሻሽሎ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማናቸውም የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ሳይፈቅድ እንዳይላክ ተደንግጓል።

እስቲ እዚህ ከተሰበሰብነው ውስጥ የ2010ሩን ደንብ የሰማ እጁን ያውጣ ብለን ነበር። ሁለት እጅ ወጣ። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲወጣ ግን ያልሰማ የለም፤ ባለ ሱቁም ገዢውም አወራው። የኤሌክትሮኒክሱ ደንብ ቀድሞ የወጣ ነው፤ ቢሆንም እንደ ፌስታሉ እደጃችን አልመጣም።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚከፈለውን ቀረጥና ታክስ ቀነሰ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለምክር ቤት አስታወቁ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምንገዛ፣ መብራት ግን ከገዛ ወንዛችን ለምናመነጭ አገር ውሳኔው ምክንያት አለው፤ አንቃወመውም። ነገር ግን የመኪና ባትሪ ክብደቱ በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር ነው፤ የብዙዎቹም ጉልበት ከ300 ቮልት ይበልጣል፤ የቤታችን መብራት 220 መሆኑን አስቡ። ባትሪው እንደ አያያዙ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ሊያገለግል ይችላል። እንግዲህ ዛሬ በአስፋልቱ ላይ የሚያብረቀርቀው መኪና ባትሪው የሚሞተው ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ያሉት ልጆቻችን ለሥራ ሲደርሱ ነው። ያኔ ቆራሌው በመዶሻ የሚከፍተው የሞባይል ባትሪ አይሆንም።

ሕግ የሚያዝበት ጥሩው ቦታ መግቢያ በሩ ነው። ዕቃው ጉምሩክ ሳለ «ሲሞት መልሰህ ትሰበስባለህ» ማለት ይቻላል። ዕቃው በየቤቱ ከተበተነ በኋላ ግን ማንን ይዞ ማንን ይጠየቃል? እኛ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ልናሰማ የሚገባን ዋና ቃል ይህ ይመስለናል።

ስድስተኛ፤ ከአባሎች የተነሡ ተቃውሞዎች

ኮሚቴው ይህን ሐሳብ ይዞ በየቤቱ ሲዞር የተቃወሙትን ሰዎች ቃል ሳንሸሽግ እናቀርባለን።

አንዲት እናታችን «እኔ መኪና የለኝም፤ መኪና ያላቸው ይጨነቁበት» ብለዋል። እማማ እውነት አለዎት፤ መኪናው የሌላ ነው። ነገር ግን ቤትዎ ሦስት ሞባይልና አንድ ፓወር ባንክ አለ፤ ገንዳውም ከደጅዎ ሃያ እርምጃ ነው።

ሌላው ወንድማችን «ሻጩ መልሰህ ሰብስብ ከተባለ ዋጋ ይጨምርብናል» ብሏል። ይህም ሐሰት አይደለም። ጥቂት ሊጨምር ይችላል። ይሁን እንጂ አሁንም በነፃ አይደለም የምንጥለው፤ የሚከፍልልን ሰው ስሙ ስለማይነገር ነው ነፃ የመሰለን። ቆሻሻ የምታነሣው እኅታችን በሳንባዋ ትከፍላለች።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ «የቆራሌውን እንጀራ ትዘጉበታላችሁ» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ኮሚቴው ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ተከራክሯል። የደረስንበት ሐሳብ ቆራሌውን ከመንገዱ ማስወጣት ሳይሆን ማስገባት ነው። ማን ቤት ምን እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው፤ እግሩም ከማንኛውም መሥሪያ ቤት መኪና ይልቅ ይደርሳል። ባለ ፈቃድ ሰብሳቢ ሲመጣ እንደነዚህ ያሉትን ወጣቶች አሠልጥኖ፣ ጓንትና መነጽር ሰጥቶ፣ ሳይሰብሩ ላመጡት እንዲከፍላቸው በደብዳቤያችን እንጠይቃለን። መስበር ይቅር እንጂ መሰብሰቡ አይቅር ነው የምንለው።

ሰባተኛ፤ የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ

በቤት በኩል ከዛሬ ጀምሮ፣ ድምፅ መስጠት ሳያስፈልግ፣ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ የሚከተለውን እንዲፈጽም እናሳስባለን።

1. የሞተ የሞባይል፣ የፓወር ባንክም ሆነ የላፕቶፕ ባትሪ ከቆሻሻ ጋር አይጣል፤ ወደ እሳትም አይወርወር።

2. የባትሪው አፎች በናስትሮ ይሸፈኑ። ከሳንቲም፣ ከቁልፍና ከሚስማር ተለይቶ፣ ፀሐይ በማይነካውና ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

3. ያበጠ ባትሪ አይጫን፣ አይበሳ፣ ቻርጅም አይደረግ። ደረቅ አሸዋ ባለበት የቆርቆሮ ዕቃ ተደርጎ ከመኝታ ቤት ይውጣ። ሞባይል ከትራስ ሥር አድርጎ ቻርጅ እያደረጉ መተኛትም ይቅር።

4. እሳት ከተነሣ አስቀድሞ ሰው ይውጣ፤ ጭሱ አይተንፈስ። ትንሽ የሞባይል ባትሪ ከሆነና ቻርጀሩ ከተነቀለ ራቅ ብሎ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ያበርደዋል። የሳይክል ወይም የመኪና ባትሪ ከሆነ ግን ማንም አይጠጋ፤ እሳት አደጋ መከላከያ ይጠራ።

በማኅበሩ በኩል ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ የሚሰጥበት ሐሳብ ይህ ነው። በመጀመሪያ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አባሎች የፈረሙበት ደብዳቤ እንጻፍ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ከሰፈራችን የሞተ ባትሪ የሚረከብ ባለ ፈቃድ ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ይነገረን፤ ሞባይልና ባትሪ የሚሸጡ ሱቆች የሞተውን መልሰው እንዲቀበሉ ይታዘዙልን፤ የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪም ባትሪው ሲሞት መልሶ እንዲወስድ ገና ሲያስገባ ግዴታ ይግባ።

ሁለተኛ፣ መልሱ ሲመጣ በማኅበሩ ግቢ፣ ከቤት ርቆ፣ ክዳን ያለውና አሸዋ የተደረገበት አንድ በርሜል እናስቀምጥ። «ለምን ዛሬውኑ አናስቀምጥም?» ያላችሁ አላችሁ። ኮሚቴው የሚለው የሚረከበን ሳይታወቅ ብንሰበስብ በየቤቱ የተበተነውን አደጋ ባንድ ግቢ አከማቸን ማለት ነው። አደገኛ ቆሻሻ መሰብሰብም ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ ሕግ ይከበር ብለን የተነሣን ሰዎች ራሳችን ያለ ፈቃድ መጋዘን ልንሆን አይገባም። ስለዚህ ደብዳቤው ይቅደም፤ በርሜሉ ይከተል። መልሱ ቢዘገይ እየተመላለስን እንጠይቃለን፤ የውሃው ቧንቧም የመጣልን በአንድ ደብዳቤ እንዳልነበረ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛ፣ ለቆሻሻ አንሺ እኅቶቻችን ወፍራም ጓንትና የአፍ መሸፈኛ መግዣ ከማኅበሩ ካዝና እንዲወጣ እንጠይቃለን። የዚህን ዋጋ ገንዘብ ያዣችን ጠይቀው በሚቀጥለው ስብሰባ ያቀርባሉ። ይህ ነገር የወረዳን መልስ አይጠብቅም።

ውድ አባሎች፤ ሕግ ማውጣት የመንግሥት ሥራ ነው፤ ፋብሪካ መትከል የባለ ሀብት ሥራ ነው። የወጣውን ሕግ ስሙንና ቁጥሩን ጠርቶ መጠየቅ ግን የነዋሪ ሥራ ነው። አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና ደንብ ቁጥር 425/2010 ብላችሁ በየደብተራችሁ ጻፉት። ደብዳቤው ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። የማንበብ ችግር ያለበት አባል ቢኖር እናነብለታለን፤ ፊርማ የማይችልም በጣቱ ይፈርማል። የተቃወመም ሰው ተቃውሞውን ይዞ ይምጣ፤ ይመዘገባል።



የነዋሪዎች ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት